ጥምጥም አስፈቺው ሙሄ

የሙሄን መሞት የሰማሁት መናኸሪያ ውስጥ ወረፋዬን ስጠብቅ ነው። ተራ አስከባሪው ወደ መስኮቴ ጠጋ ብሎ «ሙሄ አረፈ፤ ቀብሩ ዛሬ ነው» አለኝና ወደሚቀጥለው መኪና አለፈ። ኩላሊቱን ሲያመው ከርሟል፤ ግን እንዲህ ቶሎ ይሄዳል ያለ አልነበረም። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ነው ብል ዋሸሁ። አፈርኩ። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። ሐዘኑ የመጣው ቆይቶ ነው፤ እስከ ዛሬም ስለ ሙሄ ሳስብ ሁለቱን መለየት ያቅተኛል።

ከመካነ ሰላም በአቀስታ አድርጎ ደሴ የሚገባውን መንገድ የተመላለሰበት ሰው ሁሉ ሙሄን ያውቀዋል። ስሙን ባያውቅ እንኳ «ያ ጥምጥም አስፈቺ ሾፌር» ሲሉት ማን እንደሆነ አይጠፋውም። ረዘም ያለ፣ ከሲታ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነበር። መኪናው ንጹሕ ከመሆኗ የተነሳ ከመንዳት ይልቅ ሲያጥባት የሚውል ይመስላል። ተሳፋሪ ሲገባ ከሒሳብ በፊት ጤና ይጠይቃል። ዝናብ ገባላችሁ ወይ፣ ያቺ የታመመች ልጅህ ዳነች ወይ ይላል። መልሱን ደግሞ አይረሳም፤ ከርመህ ብትመለስ ልጅህን በስሟ ጠርቶ ይጠይቅሃል። እኔም ሾፌር ነኝ። ወረፋችን ስለሚከታተል ለብዙ ዓመታት እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ተጉዘናል። ከሙሄ ኋላ መንዳት ደስ ይላል፤ ፍሬን ሲይዝ ከኋላው የሚመጣውን ሰው ጭምር አስቦ ነው።

በእኛ አገር ጋቢና የሽማግሌ ነው። ይህን ማንም ጽፎ የለጠፈው የለም፤ ግን አንድ ጎረምሳ ቀድሞ ገብቶ ጋቢና ቢቀመጥ፣ ቄስ ወይም ሸህ ብቅ ሲል ሳይነግሩት ይወርዳል። ካልወረደ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል። ችግሩ የወንበሩ ትራስ ነበር። ከመደገፊያው ጫፍ ላይ በሁለት ብረት የምትቆመዋን፣ ጭንቅላት የምትደግፈዋን ማለቴ ነው። ጥምጥም ያሰረ ሰው ሲቀመጥ ይቺ ትራስ ጥምጥሙን ከኋላ ትገፋዋለች፤ ጥምጥሙ ግንባር ላይ ይወርዳል፤ ሽማግሌው በየኮረብታው እያቃኑ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ቁልፏን ተጭኖ ትራሷን የነቀላት ሙሄ ነው። «አሁን ይመቸዎታል» ብሎ ከወንበሩ ሥር አስቀመጣት። ተመረቀ። አንዱ ሸህ ዱዓ አደረጉለት፤ አንዱ መሪጌታ «ያሳደገህ ይባረክ» አሉት። እኛም ወዲያው ተከተልነው። ትራስ ነቅሎ ሽማግሌ ማስቀመጥ በመስመራችን የጨዋ ሾፌር ምልክት ሆነ።

ሙሄ ከሁሉም አብልጦ የሚያከብራቸው ቄስ ይመርን ነበር። ቄስ ይመር ከተማችን ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ፣ ድምፃቸው ለቅዳሴ የተፈጠረ የሚመስል፣ በሁዳዴ ስግደት ወጣቶቹን የሚያደክሙ ሰው ነበሩ። ሙሄ እስላም ነው፤ እሳቸው ቄስ ናቸው፤ ጨዋታቸው ግን ሌላ ነው። ዓርብ ቀን ሙሄ ለጁምዓ ሲያቆም ተሳፋሪው ረፈደብን ብሎ ያጉረመርማል። ቄስ ይመር ጋቢና ሆነው «ዝም በሉ፤ ሰውየው ከጌታው ጋር እየተነጋገረ ነው። እናንተ ስትጸልዩ ማን አቋረጣችሁ?» ይላሉ። ሙሄ ሲመለስ ደግሞ «ለእኔም ጨምርልኝ ብዬህ ነበር፤ ረሳኸኝ አይደል?» ይሉታል። «እርስዎን ረስቼ የት እገባለሁ አባ» ይላል አፉን በእጁ ሸፍኖ።

አደጋው የደረሰ ዕለት ቄስ ይመር ደሴ ይሄዱ ነበር። እንደ ልማዱ ሙሄ ትራሷን ነቅሎ አስቀመጣቸው። አቀስታን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር በጎች መንገዱን ሞሉት። ሙሄ በእርጋታ ቆመ። ከእሱ ኋላ አንድ የጭነት መኪና ነበር፤ እኔ ከጭነት መኪናው ኋላ ነኝ። መንገዱ ረጥቦ ስለነበር የጭነት መኪናው ፍሬን እንደያዘ ተንሸራቶ ሄዶ የሙሄን መኪና ከኋላ ነካው። ገጨው ለማለት እንኳ አያስደፍርም። የኋላ መብራት ተሰበረ፤ አንዲት ሴትዮ የያዘችው ማሰሮ ፈሰሰ፤ በቃ። ወርጄ ስደርስ ቄስ ይመር ጥምጥማቸውን እያቃኑ ሙሄንና የጭነት መኪናውን ሾፌር ያስማሙ ነበር። «ብረት ነው የተሰበረው፤ ሰው ተርፏል፤ ተመስገን በሉ» ብለው ሁለቱን አስተቃቀፏቸው። ሁላችንም ስቀን መንገዳችንን ቀጠልን።

በማግሥቱ ቄስ ይመር ካረፉበት ቤት አንገታቸውን ከአልጋ ማንሳት አቃታቸው። ወደ ሕክምና የወሰዳቸው ሙሄ ነው። እሳቸው ራጅ ሲነሱ ሐኪሙ ስለ አደጋው ጠየቀውና «ወንበሩ የራስ መደገፊያ የለውም?» አለው።

«ነበረው» አለ ሙሄ።

«ታዲያ የት ሄደ?»

«እኔ ነቀልኩት።»

ሐኪሙ አልተቆጣውም። መኪና ከኋላ ሲመታ ወንበሩ ገላን ወደፊት ይዞ እንደሚሄድ፣ ጭንቅላት ግን ባለበት እንደሚቀር፣ አንገት በመሃል እንደሚለመጥ አስረዳው። ያቺ ትራስ የተሠራችው ለእንቅልፍ ሳይሆን ያን ጊዜ ጭንቅላትን እንድትቀበል ነው፤ በጆሮ ትክክል ሆና፣ ከጭንቅላት ሳትርቅ ብትኖር ኖሮ ምናልባት ሕመም ብቻ ሆኖ ያልፍ ነበር አለው። የሽማግሌ አንገት ደግሞ ድሮውንም የደከመ ነው። ይህን ብሎ ሌላ በሽተኛ ጠራ። ሙሄ ይህን ለእኔ ሲነግረኝ የሐኪሙን ድምፅ ሳይቀር አስመስሎ ነበር፤ በተለይ «ታዲያ የት ሄደ?» የሚለውን። ለሌላ ሰው አትንገር ብሎ አስማለኝ።

ቄስ ይመር አንገታቸው በማሰሪያ ታስሮ ወራት ቆዩ። ማሰሪያው ሲወልቅም አንገቱ አልተመለሰም። ዘወር ለማለት ገላቸውን በሙሉ ያዞራሉ። ወደ ታች ማየት አይችሉም። መስገድ አይችሉም። ቅዳሴ ውስጥ እጅ መንሳት ያለበትን ቦታ ሁሉ እንደ ግንድ ቆመው ሊያሳልፉ ሞከሩና እሳቸው ራሳቸው አፍረው ተዉት። ከዚያ ወዲያ በቦታቸው ሌላ ገባ፤ እሳቸው ከቅጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መስቀል ያሳልማሉ። የሚያውቃቸው ያውቃል። የማያውቃቸው እንግዳ ግን ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲላቸው እሳቸው ቀጥ እንዳሉ ስለሚቀሩ «ምን ያለ ኩሩ ቄስ ነው» እያለ ይሄዳል። አንድ ቀን ይህን ሙሄ አጠገቤ ሆኖ ሰማ። ሰውየውን ሊናገረው ጥቂት እርምጃ ተከተለውና ተመለሰ።

ሙሄን የወቀሰው ሰው የለም። እስላሙ ቀደር ነው አለ፤ ክርስቲያኑ የታዘዘ ነው አለ። ገበያ መሃል እንኳ ሰዎች አስቁመው ያጽናኑታል። «አብሽር ሙሄ፤ አንተ ምን ታደርግ። አክብረህ ያስቀመጥካቸው ሰው ናቸው» ይሉታል። እሱ ደግሞ ከዚህ በኋላ ተለወጠ። ከተሳፋሪ ጋር አያወራም። ስለ ልጆች አይጠይቅም። አንድ ቀን ጎማ ስንቀይር «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ቢሰድበኝ እኮ እተኛ ነበር» አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ሶላት ላይ ግንባሬ ምንጣፉን ሲነካ እሳቸው ትዝ ይሉኛል። እኔ እሰግዳለሁ፤ እሳቸው አይሰግዱም። ወላሂ፣ በጌታዬ ፊት አፍራለሁ» አለ። ብሎኑን አጠበቅሁ።

አንድ እሑድ ማለዳ ቤቴ መጣና «ጌታሁን፣ አንድ ቦታ ሸኘኝ» አለኝ። የት እንደሆነ አልነገረኝም። ቄስ ይመር በር ላይ ስንደርስ ጎንበስ ብሎ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሳና ማጅራቱ ላይ አስቀመጠው። ትልቅ ድንጋይ ነበር፤ ለይስሙላ የሚያዝ ዓይነት አልነበረም። እንደዚያው አጎንብሶ ግቢው ውስጥ ገባ። ቄስ ይመር ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«አባ፣ አፉ ይበሉኝ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ምን በድለኸኝ ነው ልጄ?»

«ትራሷን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ትራሷ ብትኖር አንገትዎ ደህና ነበር። ሐኪሙ በግልጽ ነግሮኛል። እስከ ዛሬ ደበቅሁዎት። ሳያውቁ አፉ ቢሉኝ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው የመጣሁት።»

ድንጋዩን ከበዳዩ ማጅራት ላይ የሚያወርደው ተበዳዩ ራሱ ነው። ቄስ ይመር በልማድ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን ሙሄ በጣም አጎንብሶ ነበርና ዝቅ ማለት አልቻሉም። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ገላቸውን ወደ እኔ አዞሩና «ጌታሁን፣ አንሣለት» አሉኝ። አነሣሁለት። ሙሄ ድንጋዩ ከወረደለት በኋላም ቀና አላለም።

«ተነሥ። አፉ ብዬሃለሁ» አሉት። «አንድ ነገር ግን ስማኝ። ደሴ የምሄደው የእህቴን ልጅ ልድር ነበር። ጥምጥሜን ማለዳ ተነሥቼ አሳምሬ ነው ያሰርኩት። የከተማ ሰው ፊት ተዛብቼ እንዳልታይ ብዬ ከመቀመጤ በፊት ትራሷን በእጄ ስገፋት አይተሃል። በአፌ ንቀላት አላልኩህም፤ በእጄ ግን ብዬሃለሁ። እንግዲህ እኔ ስግደቴን የለወጥኩት በጥምጥም ነው። ይህን ለንስሐ አባቴ መናገር አፍሬ ይኸው ተቀምጫለሁ።»

ሙሄ ቀና ብሎ አያቸው። ሁለቱም ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ግን ሙሄ ለማልቀስ አንገቱን ደፋ፤ እሳቸው ቀጥ ብለው ነው ያለቀሱት። ስንመለስ ሙሄ መንገድ ላይ ቆሞ «ሸክሜን ሊያወርዱልኝ ሲሉ የራሳቸውን አሳዩኝ። ሄጄ ሰውየውን አሳፍሬ መጣሁ እኮ» አለኝ። እፎይታ ያገኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላገኘም።

ከዚያ ቀን በኋላ የምናውቀው ጥምጥም አስፈቺ ሙሄ መጣ። መኪናው ሞልቶ፣ ሒሳብ ተሰብስቦ፣ ተራ አስከባሪው ውጣ ውጣ እያለው ሙሄ አይነቃነቅም። ከፊት እስከ ኋላ እየዞረ ትራስ ያስተካክላል። «ጆሮህን አሳየኝ» ይላል። የትራሷን መሃል ከጆሮ ትክክል ያደርጋል። ከዚያ አራት ጣቱን በጭንቅላትና በትራስ መሃል ያስገባል፤ ክፍተቱ ከጣቱ ከሰፋ «ደገፍ በል» ይላል። የሴት ራስ ስለማይነካ ከአጠገቧ የተቀመጠችውን ሴት «እስቲ ለኪልኝ» ይላታል። አንዴ ሙሽራ ጭኖ ሚዜዎቹ ጸጉሯ ይበላሻል ብለው ጮኹበት። «ጸጉሯ ነገ ይሠራል» ብሎ ሞተሩን አጠፋና ወርዶ ቆመ። ሙሽራዋ ራሷ ሳቀችና ደገፍ አለች። እንደዚያ ያለ ቀን ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ተናዶበት ወርዶ የእኛ መኪና ውስጥ ይገባ ነበር።

የባሰው ጋቢና ነው። ጥምጥም ያለው ሽማግሌ ሲመጣ «ወይ ጥምጥሙን ፈትተው ጭንዎ ላይ ይያዙልኝ፣ ወይ ሌላ መኪና ይጠብቁ» ይላል። በእኛ አገር ሽማግሌን ጥምጥም ፍታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት የለብኝም። አንድ ቀን በዒልምና በዕውቀታቸው የተከበሩ፣ ደረሳ ሊማር ከየአገሩ የሚመጣላቸው ሸህ ሊሳፈሩ መጡ። ሙሄ ያንኑ አላቸው። ሸሁ እግራቸውን መልሰው ወረዱ። ሰው ሁሉ ሙሄን ባለጌ አለው፤ ዕብድ ያለውም አለ። እኔ ሮጬ ሄጄ ሸሁን እጃቸውን ስሜ ወደ እኔ መኪና አመጣኋቸው፤ ትራሷን ነቀልኩና አስቀመጥኳቸው። ሰዎች «ጎበዝ፣ ይሄ ነው ሰው» አሉኝ። ደስ አለኝ።

ሙሄ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቴ መጣ። ይቆጣል ብዬ ነበር። «ጌታሁን፣ አንተ እኮ ድንጋዩን በእጅህ አንሥተኸዋል። ክብደቱን ታውቀዋለህ» አለኝና ሄደ። ሸሁ ምን አለህ ብለው ጠየቁኝ። «ስለ ሥራ ነው» አልኳቸው።

ለምን እንዲያ እንዳደረግሁ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ሐኪሙ ያለውን እንደ ሙሄ አውቃለሁ። ቄስ ይመር ከቅጥር ሥር ተቀምጠው በየቀኑ አያለሁ። ግን ሽማግሌ ፊት ቆሞ አይሆንም ማለት አልችልም። ይሉኝታ ይይዘኛል። ሙሄ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እሱም ይሉኝታ ነበረው፤ እንዲያውም ከእኔ ይበልጥ ነበረው፤ ግን ባለጌ መባልን እንደ ዕለት እንጀራው ለመደው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ተሳፋሪ እያነሰበት፣ ወረፋውን እየዘለሉት፣ ባዶ ሊባል በሚችል መኪና ይመላለስ ነበር። ከኋላው ሞልቼ ስነዳ ጭንቅላቱን አያለሁ። ትራሱ በጆሮው ትክክል ነበረች።

ቀብሩ ከአቀስታ መለስ ብሎ በትውልድ ቀበሌው ነበር። የዚያን ቀን ወረፋዬን ትቼ ለቀስተኛ ጫንኩ። ስንደርስ ቄስ ይመር በሌላ መኪና ቀድመውን ደርሰዋል፤ ከእስላሙ ለቀስተኛ መሃል ነጭ ጥምጥማቸው ከሩቅ ይታያል። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸውና ከመቃብሩ አፍ ቆሙ። ግን ጉድጓዱን ማየት አልቻሉም። ሁሉም አጎንብሶ ሲያይ እሳቸው ፊት ለፊት ያለውን ኮረብታ ነው የሚያዩት። አጠገባቸው ቆሜ ነበርና እጄን ፈልገው ያዙኝ።

«አወረዱት?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አዎ አባ፣ እያወረዱት ነው።»

«በጎኑ አስተኙት? ፊቱን ወደ ቂብላ አዞሩለት?»

«አዞሩለት።»

«ራሱን በምን ደገፉለት?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። «በአፈር» አልኳቸው። እጄን ጨበጡት። አፈሩ እስኪያልቅ አለቀቁኝም።

ስንመለስ እሳቸው የመጡበት መኪና ወደ ደሴ የሚቀጥል ሆነ። ለቀስተኛው «አባን ጌታሁን ይውሰዳቸው፤ ጋቢና አስገቧቸው» አለ። አንዱ በሩን ከፈተ፤ አንዱ ክንዳቸውን ደገፈ። የእኔ ጋቢና ትራስ የለውም። ቤቴ ቁም ሳጥን ላይ ነው ያለችው፤ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ሁለተኛው ወንበር ትራስ አለው። «አባ፣ ከኋላ ይቀመጡልኝ» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ሃያ ሰው ይሰማል። ቄስ ከጋቢና አወረደ፣ ያውም በቀብር ቀን፣ እባላለሁ። ሞተሩን አስነሣሁ።

ቄስ ይመር ከተቀመጡ በኋላ እጃቸውን ከማጅራታቸው ኋላ ላኩት። ባዶ ሆነባቸው። ገላቸውን በሙሉ አዙረው አዩኝ። እኔ መስታወቱን የማስተካክል መሰልኩ። ወደፊት ዞሩ፤ የሁለት እጃቸውን ጣቶች አቆላልፈው ማጅራታቸውን ደግፈው ያዙ።

ያን ያህል ቀስ ብዬ ነድቼ አላውቅም። ፍሬን በነካሁ ቁጥር ክርናቸው ይንቀጠቀጣል። ከኋላ የሚመጣ መኪና ባየሁ ቁጥር ዳር ይዤ አሳልፋለሁ። እሳቸው እጃቸውን አላወረዱም፤ ክንዳቸው ሲደክም እንኳ ጣታቸውን አጥብቀው ነው የሚይዙት። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት የሙሄ ዘመድ እጃቸውን በማጅራታቸው አድርገው ስታይ እንባዋ መጣ።

«አይ አባ፣ ሐዘኑ እንዴት ጎዳቸው» አለች። «እጃቸውን ከራሳቸው ላይ እኮ አላወረዱም። ይህን ያህል ወዳጁ ነበሩ እንዴ?»

መኪናው በሙሉ መልሴን ጠበቀ። ቄስ ይመርም ጠበቁ፤ በጎን አየኋቸው፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር።

«አዎ» አልኩ። «ወዳጁ ነበሩ።»